ሰንጠረዡን ያሰፋነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ አሁን የወደቀው ፕሮግራም ግን ከዲቢ2 ጋር አይገናኝም

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ (የጥያቄውና የምላሾቹ ሰንሰለት) 24 ምላሽ ላይ ደርሶ ስለቆመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የተባለውን ሁሉ በራሴ አነጋገር ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ፤ የራሴን ስህተት ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

መነሻው እንዲህ ነበር። ዲቢ2 በሚባለው የአይቢኤም ዳታቤዝ ባለው የደንበኞች ሰንጠረዣችን ውስጥ ቀሪ ሂሳብ የሚቀመጥበት አምድ ዴሲማል 7፣2 (በጠቅላላው 7 አሃዝ፣ ሁለቱ ከነጥብ በኋላ) ነበር፤ ከ99,999.99 በላይ አይችልም ማለት ነው። እየጠበበን ስለመጣ ወደ ዴሲማል 9፣2 አሰፋነው። አንድ ቅዳሜ ሌሊት አልተሩ (አምዱን የሚቀይረው ትእዛዝ) ተሰጠ፣ ሪኦርግ (ዳታውን እንደገና ማደራጀት) ተካሄደ፣ ዲክልጄኑ (አምዶቹን ለፕሮግራሞች የሚገልጸው ኮድ) ታደሰ፣ ሰንጠረዡን ይነካሉ ያልናቸው ፕሮግራሞች እንደገና ኮምፓይልና ባይንድ ተደረጉ (ባይንድ የፕሮግራሙን የዳታቤዝ ትእዛዞች ፓኬጅ አድርጎ ዲቢ2 ውስጥ ያስቀምጣል)። እሁድ ጠዋት ሁለቱ ወደቁ፤ አንዱ −805፣ ሌላው −818 የሚባል የዲቢ2 የስህተት ቁጥር ሰጠ። ሁለቱንም እኩለ ቀን ሳይሆን ጨረስናቸው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጸጥ አለ። በወር መዝጊያው ሌሊት ግን ስልኬ ጮኸ። የወሩን ማጠቃለያ የሚያወጣው የኮቦል ፕሮግራም በኤስ0ሲ7 (ማሽኑ ቁጥር ያልሆነ ነገር አስላ ሲባል የሚሰጠው ስህተት) ወድቋል። ይህ ፕሮግራም አንድም የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) መስመር የለበትም። ተራ ፋይል ያነባል፣ ይደምራል፣ ያትማል፤ በቃ። ለዓመታት ማንም አልነካውም። አለቃዬ የሰንጠረዡ ለውጥ ያመጣው ጣጣ ነው አለ፤ እኔ ሊሆን አይችልም ብዬ ተከራከርኩ። ዲቢ2ን ጨርሶ የማያውቅ ፕሮግራም በዲቢ2 ሰንጠረዥ ለውጥ ሊወድቅ ይችላል ወይ፣ ካልሆነስ የት ልፈልግ የሚለውን ይዤ ነው ወደ ክሩ የመጣሁት።

1ኛው ምላሽ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መላሹ ፓኬጆቹን በሙሉ ሪባይንድ (ዳግም ባይንድ) አድርጌ እንድተኛ በሙሉ ልብ መከረኝ። 2ኛው ተስማማና አንድ ነገር ጨመረ፤ የአምድ ዓይነት ሲቀየር በሰንጠረዡ ላይ የተደገፉት ፓኬጆች እንደማይጸኑ፣ ዲቢ2 ይዞታውን በሚመዘግብበት ካታሎግ ውስጥ ሲስፓኬጅ የሚባለውን ሰንጠረዥ ከፍቼ ቫሊድ በሚለው አምድ ላይ ኤን የተጻፈባቸውን እንድለቅም ነገረኝ። ምክሩ እውነት ነው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል፤ ለእኔ ጉዳይ ግን አልነበረም።

3ኛው ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። መላሿ፣ ኋላም ዋናውን ነገር ያገኘችው እሷ ናት፣ ሁለቱም ጥያቄውን ሳያነቡ እንደመለሱ በግልጽ ጻፈች። ኤስኪውኤል የሌለበት ፕሮግራም ፓኬጅ የለውም፤ ፓኬጅ ከሌለው ደግሞ ምኑ ነው ሪባይንድ የሚደረገው? ቀጥላም ሪባይንድ −805ንም −818ንም እንደማይፈውስ አስረዳች። ፕሪኮምፓይለሩ (ከኮምፓይል በፊት የኤስኪውኤል ትእዛዞቹን ለይቶ የሚያወጣው) ምንጩን ሲያሰናዳ አንድ ዓይነት ማኅተም በሎድ ሞጁሉም (በሚሮጠው ፕሮግራም) በዲቢአርኤሙም (ባይንድ በሚደረገው የትእዛዞቹ ፋይል) ላይ ያትማል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዲቢ2 ሁለቱን ያስተያያል። ሎድ ሞጁሉ አዲስ ሆኖ ባይንዱ የተረሳ፣ ወይም ባይንዱ ተደርጎ አሮጌው ሎድ ሞጁል ከሌላ ላይብረሪ የተነሳ እንደሆነ ማኅተሙ አይገጥምም። ሪባይንድ የሚያደርገው ካታሎግ ውስጥ ያለውን ያንኑ ፓኬጅ የመዳረሻ መንገዱን ማደስ ነው፤ ማኅተሙ እንደነበረ ይቆያል። መፍትሔው ትክክለኛውን ዲቢአርኤም ይዞ ባይንድ ማድረግ ነው። በሲአይሲኤስ (ፕሮግራሞችን በቀጥታ ለተጠቃሚ የሚያስኬደው ሥርዓት) ሥር ለሚሮጥ ደግሞ ኒውኮፒ (አዲሱን ቅጂ ጫን የሚለው ትእዛዝ) መርሳት ያንኑ በሽታ እንደሚያመጣ በጎን አስታወሰች። የእሁዱ −818 ችግራችን በትክክል ይኸው ነበር፤ አዲሱ ፓኬጅ ገብቶ ሲአይሲኤስ አሮጌውን ቅጂ እንደያዘ ነበር። አልነገርኳትም እንጂ ደንግጫለሁ።

4ኛው ላይ የመጀመሪያው መላሽ ተመልሶ መጣ፤ ተናዷል። በዚህ ሥራ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ከዘረዘረ በኋላ ሪባይንድ ማንንም ጎድቶ እንደማያውቅ፣ ቢበዛ የሌሊት ጊዜ እንደሚወስድ ጻፈ። ባይናገረው ይሻለው ነበር። 5ኛው መላሽ ሪባይንድ እንዴት እንደጎዳው የራሱን ታሪክ ይዞ ብቅ አለ። እሱ ባለበት ቤት አንድ ፕሮግራም የአምዶቹን ስም ሳይዘረዝር ዝም ብሎ ኢንሰርት ያደርግ (ረድፍ ያስገባ) ነበር። ሰንጠረዡ ላይ አዲስ አምድ ሲጨመር ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ ዲቢ2 የአምዶቹን ዝርዝር የሚወስነው ባይንድ ሲደረግ ስለሆነ አሮጌው ፓኬጅ አዲሱን አምድ አላየውም። እንዲህ ሆኖ ከዓመት በላይ ሠራ። ከዚያ አንድ ሰው ፍጥነት ለማሻሻል ብሎ ሁሉንም በጅምላ ሪባይንድ አደረገ። በማግስቱ ያ ፕሮግራም −117 ሰጠ፤ የሚገቡት እሴቶች ብዛት ከአምዶቹ ብዛት አይገጥምም ማለት ነው። ምንጩን ማንም አልነካ፣ ሰንጠረዡን በዚያ ሳምንት ማንም አልነካ፤ ሁለት ቀን ፈለጉት። ይህን ታሪክ ወድጄዋለሁ፤ የእኔን ጉዳይ የሚመስል ነገር ስላለው፤ ለውጡና ውድቀቱ በጊዜ ተራርቀዋል።

6ኛው ምላሽ የአንድ አንጋፋ ሰው ነው። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። እስካሁን አምስት ምላሽ እንደተሰጠ፣ ደምፑን (ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚተወውን የማህደረ ትውስታ ቅጂ) ያየ ግን አንድም ሰው እንደሌለ ጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ፕሮግራሙ የወደቀው ስንተኛው ሪከርድ ላይ ነው? እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ባይቶች በሄክስ (እያንዳንዱ ባይት በሁለት ምልክት ሲጻፍ) ምን ይመስላሉ? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብለው ዘጉ።

እኔ ደምፑን እስካመጣ ድረስ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። 7ኛው መላሽ በዚህ ዘመን ሜይንፍሬም (እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሮጡበትን ትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር) ይዞ መቀመጥ ራሱ ነው ችግሩ አለ። 8ኛው በቁጣ መለሰለት፤ ኤስ0ሲ7 የሚባለው ስህተት ከብዙዎቻችን ዕድሜ እንደሚበልጥ፣ ዴሲማል ሂሳብ የሚሠሩት የማሽን ትእዛዞች እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ከሆነው ከአይቢኤም ሲስተም 360 ማሽን ጋር እንደመጡ፣ ማሽኑ ያልሆነውን ቁጥር አልደምርም ማለቱ ደግሞ ጥሩነቱ እንደሆነ ጻፈ። ዲቢ2ም ያኔ እንደነበረ አድርጎ ማለፉ ግን ስህተት ነበር፤ 9ኛው አረመው። ዲቢ2 ይፋ የሆነው በ1983 ነው፤ በ1970 የወጣው ኤድጋር ኮድ ስለ ሪሌሽናል ሞዴል የጻፈው ጽሑፍ እንጂ ምርቱ አይደለም። ሦስቱም ከዚያ በኋላ ሲከራከሩ አላየኋቸውም።

10ኛው የእኔ ነው። የወደቀው የመጀመሪያው ሪከርድ ላይ እንደሆነ፣ የቀሪ ሂሳቡ መስክ አራት ባይት ኮምፕ-3 (ፓክድም ይባላል፤ በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ የሚታሸግበት የቁጥር አቀማመጥ) እንደሆነ፣ ውስጡም 00 12 34 56 እንዳለበት ጻፍኩ። ዳታው የተበላሸ ይመስለኛል ብዬም ጨመርኩ። ይህቺን የመጨረሻዋን ባላክል ኖሮ!

አንጋፋው 11ኛው ላይ መለሱ፤ ረጅም ነው፤ ክሩ ውስጥ አንድ ምላሽ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህንን ያንብብ እላለሁ። የመጀመሪያው ነጥባቸው፣ የተበላሸ ዳታ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ደህና ሪከርዶች መሃል ነው የሚገኘው፤ ገና ከመጀመሪያው ሪከርድ የሚወድቅ ፕሮግራም ግን ዳታው ሳይሆን አቀማመጡ ነው የተሳሳተው፤ ፋይሉና ኮፒቡኩ (የሪከርዱን አቀማመጥ ለፕሮግራሙ የሚገልጸው ጽሑፍ) አይተዋወቁም። ሁለተኛው ነጥባቸው ስለ ባይቶቹ ነው። ፓክድ ቁጥር ሁልጊዜ በምልክት ነው የሚያልቀው፤ የመጨረሻዋ ግማሽ ባይት ሲ ከሆነች ቁጥሩ አዎንታዊ ነው፣ ዲ ከሆነች አሉታዊ ነው፣ ኤፍ ከሆነች ምልክት አልባ ነው። የእኔ መስክ የሚያልቀው በ6 ነው። ስድስት ምልክት አይደለም፤ ማሽኑ ኤስ0ሲ7 ብሎ የቆመው ለዚህ ነው። ከዚያ ከመስኩ አልፌ ቀጣዩን አንድ ባይት እንዳይ አዘዙኝ። አየሁ። 7ሲ ይላል። አምስቱን አንድ ላይ ስናነባቸው 00 12 34 56 7ሲ፤ ማለትም 12,345.67፤ ፍጹም ጤነኛ ቁጥር። ፕሮግራሜ አምስት ባይት የሆነውን ቁጥር አራት ባይት ላይ ቆርጦ እያነበበ ነበር።

12ኛው የዚያች የ3ኛዋ መላሽ ነው። ስሌቱን አስቀመጠችው፤ የፓክድ ቁጥር ርዝመት የአሃዞቹ ብዛት ለሁለት ተካፍሎ፣ ትርፉ ተጥሎ፣ አንድ ሲደመርበት ነው። 7 አሃዝ 4 ባይት ይሆናል፣ 9 አሃዝ 5 ባይት። ከ6 ወደ 7 አስፍተነው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም 4 ባይት ስለሆኑ ምንም እንደማንሰማ በቅንፍ ጨመረች፤ ብዙ ቤት አምድ አስፍቶ ምንም ሳይሆን የቀረውም በዚህ ዕድል ሊሆን እንደሚችል። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች። ያን ፋይል የሚጽፈው ማን ነው?

13ኛው፣ እኔ። ጄሲኤሉን (ሥራዎቹ በምን ተራና በየትኛው ፋይል እንደሚሮጡ የሚያዘውን ጽሑፍ) ከፈትኩ። ፋይሉን የሚጽፈው ከዲቢ2 ጋር በናሙናነት የሚመጣው የአንሎድ (ሰንጠረዥን ወደ ፋይል የሚገለብጥ) ፕሮግራም ነው፤ የተሰጠውም ትእዛዝ ሴሌክት ኮከብ ከደንበኞች ሰንጠረዥ የሚል ነው፤ ሁሉንም አምድ አምጣ ማለት ነው። ቀጥሎ ሶርት አለ፤ በደንበኛ ቁጥር ይደረድርና የመጀመሪያዎቹን 120 ባይቶች ብቻ ያሳልፋል። ከሰንጠረዡ ለውጥ በፊት ሪከርዱ ልክ 120 ባይት ነበር። አሁን 121 ነው። አለቃዬ ልክ ነበር፤ ይህን ክሩ ላይ ጻፍኩት፣ ለእሱ ግን በማግስቱ ነው የነገርኩት።

14ኛው መላሽ ለምን በጊዜ እንዳልታወቀ በአጭሩ አብራራ። ፋይሉ 121 ሆኖ በቀጥታ ቢመጣ የኮቦሉ ፕሮግራም ገና ሲከፍተው በፋይል ስቴተስ 39 ይቆም ነበር፤ የርዝመቱ አለመግጠም ወዲያው ይጋለጣል። ሶርቱ ጅራቱን ቆርጦ ወደ ድሮው ርዝመት ስለመለሰው በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ምንም አላየም። የሶርቱ ቁልፍ የሆነው የደንበኛ ቁጥርም ከተስፋፋው አምድ በፊት ስለሚገኝ ድርደራው ራሱ ትክክል ነበር።

15ኛው ላይ ደግሞ እሳት ወረደ። መላሹ ፕሮዳክሽን ላይ ሴሌክት ኮከብ የሚጽፍ ሰው ቁልፍ ሰሌዳ ሊሰጠው እንደማይገባ፣ የለውጥ ጥናት ሳይደረግ ሰንጠረዥ የሚነካ ቡድንም እንደዚያው እንደሆነ ጻፈ። ሌሎቹን ቃላት ትቻቸዋለሁ። 16ኛው በእኛ ፈንታ ተከላከለልን። የለውጥ ጥናት እንዳደረግን ከጽሑፌ ገብቶታል፤ ሲስፓክዴፕ የሚባለውን የካታሎግ ሰንጠረዥ ጠይቀን በሰንጠረዡ ላይ የተደገፉትን ፓኬጆች ሁሉ አውጥተናል። ግን የአንሎድ ፕሮግራሙ ትእዛዙን የሚቀበለው በሚሮጥበት ሰዓት ነው፤ ዳይናሚክ ኤስኪውኤል ስለሆነ የየትኛው ሰንጠረዥ ጥገኛ እንደሆነ ካታሎጉ ውስጥ አልተመዘገበም። ፋይሉን ከሚያነቡት ፕሮግራሞች ደግሞ አንዳቸውም ዲቢ2ን አያውቁም። ካታሎጉ ያላየውን ሰው እንዴት ይየው? የጄሲኤልና የኮንትሮል ካርድ (እንደ አንሎድ ላሉ ፕሮግራሞች የሚሰጡ ትእዛዞች) ላይብረሪዎችን በሰንጠረዡ ስም መፈለግ ብቻ ነው የሚያወጣው። 15ኛው መልስ አልሰጠም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታ ሰው በየክሩ አይጠፋም።

ወሩ መዘጋት ስላለበት ወደ መፍትሔው ገባን። 17ኛው መላሽ አንሎዱ ላይ አምዱን በካስት (የእሴትን ዓይነት በሚቀይር የኤስኪውኤል ትእዛዝ) ወደ ድሮው ዴሲማል 7፣2 መልሼ ሌሊቱን እንዳልፍ፣ ኮፒቡኩን ረጋ ብዬ በኋላ እንዳስተካክል ሐሳብ አቀረበ። እውነት ለመናገር ልቤ ሄዶ ነበር፤ አንድ መስመር ናት። 18ኛው ላይ ያችው 3ኛዋ መላሽ ከለከለችኝ፤ አነጋገሯ ጠንከር ያለ ነበር። አምዱ የሰፋው ቁጥሮቹ ስለበለጡ አይደለም ወይ? ከ99,999.99 የሚበልጥ አንድ ረድፍ ከተገኘ ካስቱ አይችለውም፣ አንሎዱ ራሱ ይቆማል። ቆጠርኩ፤ 11 ረድፎች ነበሩ። ካስቱን ተውኩት፤ ኮፒቡኩን ወደ አምስት ባይት ቀይሬ፣ ሶርቱን አስተካክዬ፣ ፕሮግራሙን ኮምፓይል አድርጌ ሊነጋጋ ሲል ወሩ ተዘጋ። 19ኛው መላሽ ያንኑ ሐሳብ ወደ ዲቢ2 ፕሮግራሞች አዞረው፤ ዲክልጄኑ ያልታደሰለት ፕሮግራም ካለ ትንንሽ ቁጥሮችን በሰላም እያነበበ እንደሚቀጥልና ትልቁ ቁጥር የመጣ ቀን −304 (ቁጥሩ መቀበያው መስክ ውስጥ አይገባም) እንደሚሰጥ አስጠነቀቀ። አንድ ተገኘ። ስለዚህኛው ብዙ አልጽፍም።

እዚህ ላይ ክሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉንም አመስግኜ ልዘጋው ስል አንጋፋው 20ኛውን ጻፉ። ኤስ0ሲ7 ወዳጅ እንደሆነ፣ መንሸራተቱ ቁጥር ላይ በመድረሱ ዕድለኛ እንደነበርኩ ነገሩኝ። የአንድ ባይት መንሸራተት ጽሑፍ ላይ ቢደርስ ማሽኑ ምንም አይልም፤ ጽሑፍ ማናቸውንም ባይት ይቀበላል። ስለዚህ ያንን ፋይል ሌላ ማን ያነበዋል?

21ኛውን እየጻፍኩ ነበር ያፈርኩት። በየቀኑ የሚሮጥ አንድ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ለደንበኞች የሚላኩ ደብዳቤዎችን ስምና አድራሻ ከዚሁ ፋይል ይወስዳል። ገንዘቡን አይነካውም፤ ስለዚህ አንድም ቀን አልወደቀም። በፋይሉ ላይ ስም የሚመጣው ከቀሪ ሂሳቡ ቀጥሎ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ ስም በአንድ ባይት ወደ ቀኝ ተገፍቶ፣ ከፊቱም የሂሳቡን የመጨረሻ ባይት ለጥፎ ሲታተም ከርሟል። ደንበኞች ስማቸው ፊት ኮከብ እንዳለ ሲያመለክቱ፣ አቤቱታው የማተሚያ ማሽን ብልሽት ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ቴክኒሻን ሁለት ጊዜ መጥቶ ማሽኑን አጽድቶ ሄዷል።

22ኛው መላሽ ይህን ሲያነብ ሳቁን መቆጣጠር እንዳቃተው ጻፈና የኢቢሲዲክ (ሜይንፍሬም እያንዳንዱን ፊደልና ምልክት በባይት የሚወክልበት ኮድ) ሰንጠረዡን አወጣ። 5ሲ በኢቢሲዲክ * ነው፣ 6ሲ % ነው፣ 7ሲ @ ነው፣ 4ሲ ደግሞ < ነው። ስለዚህ ሂሳቡ በ5 ሳንቲም የሚያልቅ ደንበኛ ስሙ ፊት ኮከብ፣ በ7 የሚያልቅ @ ያገኛል። አብዛኛው ሂሳብ ድፍን ቁጥር ስለሆነ መጨረሻው 0ሲ ነው፤ ይህ የማይታተም ባይት ነው፣ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይወጣል። አቤቱታው ጥቂት የሆነውም፣ ከማተሚያ ማሽኑ ጋር የተምታታውም ለዚህ ነው። ዕዳ ያለባቸው ደንበኞችም እንዳይቀሩ የዲዎቹን ቤተሰብ ጨመረልኝ፤ 5ዲ የቅንፍ መዝጊያ ነው።

23ኛው ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የመጀመሪያው መላሽ፣ የሪባይንዱ ሰው። ለ3ኛዋ መላሽ እህቴ ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ሁላችንም የዘለልነውን ነገር አነሳ። ሶርቱ 121 ባይቱን ወደ 120 ሲቆርጥ የጣለው አንድ ባይት የምን ነበር? የመጨረሻው አምድ ምንድን ነው?

24ኛው የእኔ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት። የመጨረሻው አምድ መጨረሻ የተከፈለበት ቀን ነው፤ በፋይሉ ላይ አሥር ፊደል ሆኖ ይወጣል፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። በአሮጌው አቀማመጥ ለሚያነብ ፕሮግራም የቀኑ የመጨረሻ አሃዝ የለም፤ ከፊቱ ደግሞ የአድራሻው መጨረሻ የሆነ ባዶ ቦታ ገብቷል። ይህን ቀን የሚያነብ ሦስተኛ ፕሮግራም አገኘሁ። በሩብ ዓመት አንዴ ነው የሚሮጠው፤ ቀኑን ከመቁረጫ ቀን ጋር ያወዳድርና ክፍያ ላዘገዩት ማስጠንቀቂያ ያዘጋጃል። በኢቢሲዲክ ባዶ ቦታ 40 ነው፣ አሃዞች ከኤፍ0 ይጀምራሉ፤ በባዶ ቦታ የሚጀምር ቀን ከየትኛውም መቁረጫ ቀን ያንሳል። ሁሉም ደንበኛ ዘግይቷል ይባል ነበር። የሚሮጠው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፤ ኮፒቡኩን ቀይሬ ለሙከራ ልኬዋለሁ።